ቲቸርን ጠይቁ፦ ክንፍ እያላት ለምን አትሄድም?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ወፍ ወፍ ይላሉ። ሰሞኑን ቴሌቪዥን ላይ ስለ አንዲት የደሴት ወፍ የታየ ነገር ስለነበር ነው መሰለኝ። ደግ አደረጋችሁ። የጅብ ጥያቄ የላካችሁልኝ ግን ታገሱኝ፣ በሚቀጥለው እትም እመጣበታለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። አንድ ጊዜ ባዮሎጂ አስተምረውኛል፤ ስሜን ቢረሱት አይፈረድብዎትም። ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። በዓለም ላይ በአንዲት ትንሽ ደሴት ብቻ ትኖር ስለነበረች ወፍ ቴሌቪዥን ላይ አየች። ከዚያ ወዲህ «ማሚ፣ ክንፍ እያላት ለምን ሌላ ቦታ አትሄድም?» እያለች ወጥራ ይዛኛለች። «ባህሩን ስለምትፈራ ነው» ብላት አላመነችኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?

ከጊንጆ፣ ጅማ

መልስ

ልጅሽ ያላመነችሽ ደግ አድርጋ ነው። ጥያቄዋን እንዳትንቂው። ያን ኮምዴር የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ሳይንቲስት ይቺን ወፍ ሲያጠና ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ እሱም ይህንኑ ጠይቋል።

ያየቻት ወፍ ሲሼልስ ዋርብለር የምትባለው መሆን አለባት። መልኳ ያን ያህል አይደለም። ከላይ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቡናማ፣ ከሥር ገርጣ ያለች፣ ክብደቷ 15 ግራም ገደማ ነው። ዛፍ ላይ ብታያት ቀና ብለሽ ሁለተኛ አታያትም። ድምጿ ግን ያስቆማል። ሰው ሲያፏጭ የሚመስል ጥርት ያለ ዜማ አላት።

ሲሼልስ ከአፍሪካ በስተምሥራቅ፣ ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ የተበተኑ ከ100 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ከነዚህ አንዷ ኩዛን ትባላለች። ስፋቷ 29 ሄክታር ነው። አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ነው ሲባል ሰምተሻል? እንግዲህ ይቺ ደሴት ጋሻም አትሞላም። በ1960ዎቹ የዚህች ወፍ ዘር በሙሉ ያለው እዚያች መሬት ላይ ብቻ ነበር። ቁጥሩም 30 አይሞላም።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ። ከኩዛን ወዲያ ኩዚን የምትባል ሌላ ትንሽ ደሴት አለች። መሃላቸው ያለው ባህር 1.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ኮምዴርና ባልደረቦቹ የወፏን ክንፍ ለክተው፣ ክብደቷን መዝነው አሰሉ። ትችላለች። ያውም ያለ ብዙ ድካም። ቀጥለው እግራቸው ላይ ቀለበት የታሰረባቸውን ወደ 1900 የሚሆኑ ወፎች መዝገብ አገላበጡ። በራሳቸው ክንፍ ወደ ሌላ ደሴት ተሻግረው የተገኙት ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሁለት!

ስለዚህ አቅም አላነሳትም። አልፈለገችም።

ለምን አልፈለገችም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በደሴቷ ላይ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ግዛት አለው። ሌላ ወፍ ድንበር ሲያልፍ ይባረራል። በ1982 የወፎቹ ቁጥር 320 ገደማ ሲደርስ ደሴቷ ሞላች። ባዶ ግዛት ጠፋ። ከዚያ በኋላ የተፈለፈሉት ወጣቶች ምን ያድርጉ? ብዙዎቹ እናትና አባታቸው ጋር ቀሩ። ይሄን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ኪራይ ሲወደድ የ28 ዓመት ጎረምሳ እናቱ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያድረው። ወፎቹ ግን በነፃ አይቀመጡም። በተለይ ሴቶቹ ጎጆ ያግዛሉ፣ እንቁላል ይታቀፋሉ፣ ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ።

ኮምዴር ይህን በግምት አልተወውም። በ1988፣ 29 ወፎች ተይዘው አሪድ ወደምትባል ደሴት ተወሰዱ። ኩዛን ላይ የያዙት ቦታ ክፍት ሆነ። እናታቸው ጋር ተቀምጠው የነበሩት ሳይውሉ ሳያድሩ ሄደው ያዙት። ሁሉም ግን አልሄደም። ነፍሳት የሞላበት ጥሩ ግዛት ውስጥ የሚረዳ ወጣት ድሃ ግዛት ቢከፈትለት ንቅንቅ አይልም። የተሻለ ወይም እኩያ ቦታ እስኪገኝ እዚያው ይጠብቃል። አሪድ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሰፊ ባዶ ቦታ ስለነበረ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ቤት አልቀሩም፣ በየራሳቸው ወጡ። ጥሩ ጥሩው ቦታ ሲያልቅ እዚያም ከወላጅ ጋር መቅረት ተጀመረ።

እንግዲህ ለልጅሽ የምትነግሪያት ይህን ነው። ወፏ አልፈራችም። የምታውቀውን ግዛት ትታ ማዶ ምን እንዳለ ሳታውቅ ብትበር አያዋጣትም። ከትንሽ ደሴት የምትወጣ ወፍ ብዙ ጊዜ መጨረሻዋ ባህር ነው። የቀረችው ትወልዳለች፤ ልጆቿም የመቅረቱን ጠባይ ይወርሳሉ። ይሄ ብዙ ትውልድ ሲደጋገም ክንፍ ያላት፣ ግን የማትሄድ ወፍ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቺ ለራሴ ናት። ዕድሜ ሲገፋ ቦታቸውን በወጣት የሚነጠቁ ሴት ወፎች አሉ። አንዳንዶቹ ግዛቱን ለቀው አይሄዱም። እዚያው ቀርተው የልጅ ልጆቻቸውን በማሳደግ ይረዳሉ። ይህን በ2007 የታተመ ጥናት ላይ ሳነብ ሰዓቴን አየሁ። የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ደርሷል።

ጥያቄ

ቲቸር፣ አይቆጡኝና፣ እኔም ያንን ፕሮግራም አይቼዋለሁ። ለ30 ወፍ ተብሎ ደሴት ተገዛ ይላል። ኮኮናት የሚያወጣ መሬት ለወፍ! ያው የሀብታም ቅንጦት መሰለኝ። እኔ የቡና ነጋዴ ነኝ፣ ትንሽ ማሳም አለኝ። ሒሳቡን ያስረዱኝ።

ከአጋሮ

መልስ

ለምን እቆጣለሁ? ነጋዴ ሒሳብ ካልጠየቀ ማን ሊጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ወፏ ለምን እንዳለቀች እንይ። ድሮ ኩዛን ላይ ብቻ አልነበረችም። ሌሎች ደሴቶች ላይም ነበረች። ሰዎች ደኑን መንጥረው ኮኮናት ተከሉ። በመርከብ አይጥ ገባ፣ ድመት ገባ። አይጥ እንቁላል ይበላል፣ ድመት ጫጩትም እናትም አያስተርፍም። ኩዛን ላይ ዕድል ሆኖ አይጥ አልገባም። ኮኮናቱ ግን እዚያም ተተክሏል። ከሥሩ የሚበቅለው የአገሩ ችግኝ ለኮኮናቱ ቦታ እንዲለቅ ይመነጠር ነበር። ወፏ ዳር ዳር ላይ በቀረ ቁጥቋጦ ተወስና ቀረች።

ዛፉን የማነሳው በምክንያት ነው። የወፏ ምግብ ነፍሳት ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከቅጠል ላይ ትለቅማለች፣ በተለይ ከቅጠሉ ሥር። የኮኮናት ቅጠል ለዚህ አይሆናትም። ፒሶኒያ የሚባለው የአገሩ ዛፍ ነው የሚስማማት። ይሄ ፒሶኒያ ራሱ ጉደኛ ዛፍ ነው። ፍሬው ሙጫ አለው፣ የባህር ወፎች ላባ ላይ ይጣበቃል። ወፎቹ ፍሬውን ይዘው ከደሴት ደሴት ያዳርሱለታል። ሲበዛባቸው ግን ክንፋቸውን አስሮ ይገድላቸዋል። ሌላው ደግሞ ሞሪንዳ ነው፤ እሱም ነፍሳት ይሰበስባል። ሞሪንዳ ከየትኛው ቤተሰብ ይመስልዎታል? ከቡና። አዎ፣ የእርስዎው ቡና ዘመድ ነው።

በ1968 በጊዜው ዓለም አቀፉ የአእዋፍ ጥበቃ ምክር ቤት ይባል የነበረው ድርጅት ደሴቷን ገዛ። ዛሬ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል ነው የሚባለው። ቀጥሎ ምን አደረገ? እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ወፎቹን በኬጅ አላረባም። መድኃኒት አልወጋም። የኮኮናቱን ብቅያ እያነሳ የአገሩን ችግኝ መቁረጥ አቆመ። አለቀ። ፒሶኒያው አደገ፣ ሞሪንዳው አደገ፣ ቅጠሉ በዛ፣ ነፍሳቱ በዛ። በ14 ዓመት ውስጥ 30 ያልሞሉት ወፎች 320 ሆኑ።

ከዚያ ሁሉን እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ላለመተው ማከፋፈል ተጀመረ። የነጋዴ ዘዴ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል። በ1988 አሪድ 29 ወፍ፣ በ1990 ኩዚን 29 ወፍ፣ በ2004 ዴኒ 58 ወፍ፣ በ2011 ፍሬጌት 59 ወፍ። በክንፏ ያልሄደችው በሰው እጅ ሄደች ማለት ነው። ዛሬ በ5 ደሴቶች ላይ ወደ 3000 ይጠጋሉ።

ገንዘቡንም ጠይቀዋል። ኩዛን ዛሬ በጎብኚ ክፍያ ወጪዋን ትደጉማለች። የባህር ወፎች በሺህ ይፈለፈሉባታል። ቅርፏ ለጌጥ እየተፈለገ ስትታደን የኖረችው የባህር ኤሊም አሸዋዋ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ኮኮናቱ ቢቆይ ኖሮ ምን ያህል ያስገባ እንደነበር እርስዎ ያስሉት፤ እኔ የኮኮናት ገበያ አላውቅም።

ሌላው ትርፍ ዕውቀት ነው። ወፏ ስለማትሄድ የት ገባች የሚል ጥያቄ የለም። ኩዛን ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም እግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት አላቸው፣ ደማቸው ተመርምሯል፣ የትውልድ ሐረጋቸው ተመዝግቧል። የማን ልጅ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ይሄ ብዙ ገመና አወጣ። ከጫጩቶቹ 40 ከመቶ የሚሆኑት አባታቸው የግዛቱ ባለቤት አይደለም። ከጎረቤት ነው። (ይቺን አረፍተ ነገር የጊንጆዋ እናት ለልጇ ባታነብላት ጥሩ ነው።)

ከሁሉም የደነቀኝ ግን በ1997 የታተመው ነው። ወፏ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ሴት ልጆች ቤት ቀርተው ይረዳሉ ብያለሁ፤ ወንዶቹ ግን አብዛኞቹ ይወጣሉ። እንግዲህ ነፍሳት በሞላበት ግዛት ላይ ያሉ እናቶች ከሚወልዱት ውስጥ ወንዱ 13 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ሁሉ ሴት። ረዳት ስለሚጠቅም ነዋ። ምግብ ባነሰበት ግዛት ግን ወንዱ 77 ከመቶ ነው። እዚያ ቤት የሚቀር ልጅ ያለችውን ጥቂት ነፍሳት ይሻማል፤ ስለዚህ የሚወጣ ልጅ ይሻላል። እናቶቹን ከድሃ ግዛት ወደ ሀብታም ግዛት ሲያዘዋውሯቸው ከወንድ ወደ ሴት ቀየሩ። አንድ እንቁላል፣ ያውም ታስቦበት! 40 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ይሄን ሲሰማ ተነስቶ ቢያጨበጭብ ነውር የለውም።

አሁን ወደ እርስዎ ማሳ ልምጣ፤ ማሳ አለኝ ብለዋልና። በ2015 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጥላ ቡና ማሳዎችንና በአቅራቢያቸው ያለውን ደን አነጻጽሯል። ዋንዛው፣ ብርብራውና ሰሳው ሳይነካ ከሥሩ ቡና ያለበትን ማለቴ ነው። ጥላ ቡናው ውስጥ የተገኘው የወፍ ዓይነት ከደኑ ከእጥፍ በላይ ነበር። ደኑ ውስጥ ታች ቁጥቋጦው ላይ የተያዙት ዓይነቶች በሙሉ ቡናው ውስጥም ተገኝተዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አጥኚዎቹ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምረዋል፤ ከደን ውጭ የማይመቻቸው ወፎች በብዛት የሚገኙት አሁንም ደን ውስጥ ነው። ቡናው ደኑን አይተካውም።

ስለዚህ የእርስዎ ሒሳብ ከኩዛኑ ይቀላል። ደሴት ይግዙ አላልኩም። ያሉትን ዛፎች ቆርጠው በባህር ዛፍ ወይም በጫት አይተኩ ነው የምለው። ነፍሳት የሚለቅሙ ወፎች ቅጠሉ ላይ ሲውሉ ደመወዝ አይጠይቁም።

ጥያቄ

ሰላም ቲቸር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኛ ባህርም ደሴትም የለን። አገራችን ውስጥ እንዲህ በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ የሚኖር ወፍ ሊኖር ይችላል?

መልስ

ጣና ላይ ያሉት ሲሰሙህ ይቀየሙሃል፤ ደሴትስ አለን። ጥያቄህ ግን ገብቶኛል። አዎ፣ አለ፤ ያውም ውሃ ሳይከበው።

ቦረና ሂድ፣ ያቤሎና ሜጋ አካባቢ። ፈረንጆቹ ኢትዮጵያን ቡሽ ክሮው የሚሏት የቁራ ዘመድ አለች። ሰውነቷ ግራጫ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ ዓይኗ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለው ቆዳ ሰማያዊ ነው። በ1938 ነው ለሳይንስ የተገለጸችው። በዓለም ላይ ያለችው እዚያ ብቻ ነው። መኪና ይዘህ ትንሽ ስትነዳ ግራሩ ያው ግራር ነው፣ አፈሩ ያው አፈር ነው፣ ከብቱም ያው ከብት ነው። ወፏ ግን የለችም። ሰዎች ይሄ ለረጅም ጊዜ ግራ ገብቷቸው ኖረ። በ2012 የታተመ ጥናት ነገሩ ሙቀት መሆኑን አሳየ። የምትኖርበት ቦታ ከዙሪያው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፤ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ያልፋል ሲባል እሷም ትቆማለች። አጥሩ በዓይን አይታይም። ፈረንጆቹ ኋይት ቴይልድ ስዋሎው የሚሏት፣ ጭራዋ ነጭ የሆነች ሌላ ወፍም እዚያው አካባቢ ተወስና ትኖራለች።

ሌላዋ ነገሌ ቦረና አጠገብ ሊበን ሜዳ ላይ ያለችው ትንሽ ዘማሪ ናት፤ ሊበን ላርክ ይሏታል። ጅጅጋ አካባቢም ዘመዶቿ ተገኝተዋል። የምትፈልገው ዛፍ አይደለም፣ ረጅም ሣር ነው። ሜዳው ሲታረስ፣ ከብት ሲበዛበት፣ ቁጥቋጦ ሲወርሰው መደበቂያ ታጣለች። ከአገራችን ወፎች የመጥፋት አደጋ በጣም ካንዣበበባቸው አንዷ ናት። ተመረቅና የምታጠናው ርዕስ ከጠፋህ ወደ ደቡብ ውረድ። የጅማ ልጅ ሁልጊዜ ቡና ብቻ ማጥናት የለበትም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ መርካቶ አጠገብ አነስተኛ ቡና ቤት አለኝ። የምትዘምር ወፍ ይዤ በኬጅ ብሰቅል ቤቱ ይደምቃል ብለውኛል። የትኛዋ ትሻላለች?

መልስ

የትኛዋም። ዱር የነበረች ወፍ ኬጅ ውስጥ ስትገባ ብዙ ጊዜ ወይ ዝም ትላለች ወይ ትሞታለች፤ ደንበኛዎ የሚያየው ደግሞ የኬጁን ቆሻሻ ነው። ወንዱ የሚዘምረው ግዛቱን ለማስከበርና ሴት ለመጥራት ነው፤ አንድ ክንድ ሽቦ ውስጥ ምን ግዛት አለውና?

ግቢዎ ውስጥ ሾላ ወይም ዋንዛ ካለ አያስቆርጡት። ከሌለ ይትከሉ። እስኪያድግ ድረስ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ሳህን ውሃ ያስቀምጡ፣ በየጠዋቱ ይቀይሩት፣ ድመት የማትደርስበት ይሁን። ሙዚቃውንም ጠዋት ጠዋት ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ኬጁን አስቀድመው ገዝተው ከሆነ የቃሪያ ችግኝ ያፍሉበት፤ ዶሮ አይጭርብዎትም።